ሂት ፓምፕ ወይስ ጋዝ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምንኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ታውንሃውስ ውስጥ ነው። የጋዝ ፈርነሳችን (ቤት ማሞቂያው) 20 ዓመት አልፎታል፣ ኤሲውም አርጅቷል፣ ሊያየው የመጣው ቴክኒሻን ሁለቱንም አውጥታችሁ በኤሌክትሪክ የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም ሂት ፓምፕ አስገቡ አለን። ባለቤቴ በጃንዋሪ ብርድ ኤሌክትሪክ ቤት አያሞቅም፣ የመብራት ቢሉም አይቻልም ይላል። እናቴ ደግሞ ሂት ፓምፕ ያለው እህቴ ቤት ከርማ "የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነው" አለችኝ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ቴክኒሻኑን ስሚ ነው የምልሽ፣ ግን የባለቤትሽም ስጋት ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ ምክንያቱም በደንብ ያልተገጠመ ሂት ፓምፕ እውነትም ቢል ያስደነግጣል።

መጀመሪያ ብርዱን እንየው። ሂት ፓምፕ ሙቀት አይፈጥርም፣ ከውጭ ሰብስቦ ነው የሚያስገባው፣ ፍሪጅ የውስጡን ሙቀት እያወጣ በጀርባው እንደሚለቀው ማለት ነው። ውስጡ የሚዞረው የማቀዝቀዣ ጋዝ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንኳን ይፈላል፣ ስለዚህ ለእኛ አጥንት የሚሰብረው ብርድ ለሱ ገና ሙቀት አለው። ለዚህ ነው 1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በልቶ 3 ገደማ ሙቀት የሚሰጥሽ፣ ብርዱ ሲጠና ወደ 2 ይወርዳል፣ ለስለስ ባለ ቀን ከ3 ያልፋል። ኖርዌይ ዘመድ ካለሽ ጠይቂ፣ እዛ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤተሰብ ይሄ ማሽን አለው፣ ህንጻን በነዳጅ ዘይት ማሞቅም ከ2020 ጀምሮ ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ከኦስሎ አይበርድም።

እናትሽም ልክ ናቸው። ጋዝ ፈርነስ የሚነፋው አየር 50 ዲግሪና ከዛ በላይ ነው፣ የሂት ፓምፑ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከሰውነታችን ሙቀት ስለሚያንስ ፊት ላይ ሲነፍስ ይቀዘቅዛል። ቤቱ ግን ይሞቃል፣ ቀስ እያለ ረጅም ሰዓት እየሠራ። የእማማን ወንበር ከአየር መውጫው ፊት ዞር አድርጉላቸው፣ ብዙ ይረዳል። ዊንተር ላይ የውጪው ማሽን ጭስ የመሰለ ነገር ቢለቅም አትደንግጪ፣ የያዘውን በረዶ እያቀለጠ ነው፣ እንፋሎት ነው።

አሁን ወደ ቢሉ፣ እሱን እራስሽ አስይው። ከጋዝ ቢልሽ ላይ የ1 ቴርም (የጋዝ መለኪያው ነው) ዋጋ ከነማድረሻው አውጪ፣ ከኤሌክትሪኩ ላይ የ1 ኪሎዋት ሰዓቱን አውጪና በ8 አባዢው። ምክንያቱም 1 ቴርም 29.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ 80 ፐርሰንት የሚሠራ አሮጌ ፈርነስ ከዛ ውስጥ 23.4 ብቻ ነው ለቤቱ የሚሰጠው፣ ሂት ፓምፑ ያንኑ ሙቀት ለመስጠት 8 ገደማ ይበቃዋል። ኤሌክትሪክሽ 18 ሴንት ቢሆን 1 ዶላር ከ44 ይመጣል፣ ቴርሙን ከዚህ በላይ የምትከፍይ ከሆነ ሂት ፓምፑ ይረክሳል፣ በታች ከሆነ ጋዙ። ከአዲስ 95 ፐርሰንት ፈርነስ ጋር ካወዳደርሽ ደግሞ በ9 አባዢ። ምድጃውንና የውሃ ማሞቂያውን ወደ ኤሌክትሪክ ካዞርሽ ጋዙን ጭራሽ ማዘጋት ይቻላል፣ ባትጠቀሚም በየወሩ የምትከፍይው ቋሚ ሂሳብ ይቀርልሻል። እኔን ግን ከብሩም በላይ የሚያሳስበኝ ዛሬ ያስገባሽው ፈርነስ የዛሬ 15 ዓመትም ጋዝ ሲያቃጥል መኖሩ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ግን መስመሩ ላይ ሶላርና ንፋስ በተጨመረ ቁጥር እየጸዳ ይሄዳል፣ አንቺ ምንም ሳትቀይሪ።

ቢል የሚያስደነግጠው ኦግዚለሪ ሂት የሚሉት ረዳት ማሞቂያ ነው፣ ተራ የሚግል ሽቦ ነው፣ 1 በልቶ 1 ነው የሚሰጥ። ማታ ቴርሞስታቱን በጣም ዝቅ አድርገሽ ጠዋት በአንዴ ከፍ ስታደርጊው እሱ ይነሳል፣ በጋዝ ጊዜ ቁጠባ የነበረው ነገር እዚህ ኪሳራ ይሆናል። አንድ ቦታ አስቀምጪውና ተይው።

ቴክኒሻኑን ማኑዋል ጄ ሠርተሃል ወይ በይው። ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ አቲኩን (ከጣሪያው ሥር ያለውን ቦታ) ለክቶ ቤቱ ስንት እንደሚፈልግ የሚያሰላበት ነው። የድሮውን ማሽን ስቲከር አንብቦ ያንኑ ቶን (የማሽኑን አቅም) ልግጠም የሚልሽን አሰናብቺው። አቲክ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚነጠፈው) እና የዳክቱን፣ ማለት የአየር ቱቦውን፣ ክፍተት መድፈን ይቅደም፣ ያኔ ትንሽ ማሽን ይበቃሻል። እስከ 2,000 ዶላር የነበረው የፌደራል ታክስ ክሬዲት ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለተገጠመ አይሠራም፣ ኢምፓወር ሜሪላንድ በሚባለው የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም በኩል ከኤሌክትሪክ ድርጅቶቹ ስለሚሰጠው ሪቤት (ተመላሽ ገንዘብ) ግን ሳትፈርሚ ጠይቂ።

አንድ ነገር ደግሞ ለምኜሻለሁ፣ ቤቱ ከተደፈነ በኋላ ቤት ውስጥ በከሰል ቡና እንዳይፈላ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም የለው፣ አገር ቤት ከሰል አስገብተው ተኝተው የቀሩትን እናውቃለን። ዲቴክተር በየፎቁ ይኑር።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ቦሌ ባለ 5 ፎቅ ህንጻ አለኝ፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት ነው። ተከራዮቼ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አላስቀመጠንም፣ ኤሲ ይግባልን እያሉ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ኤሲውን ይችለዋል ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጄኔሬተሩ ቢችለውም እኔ አልመክርዎትም። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ የሚመጣ ንጹህ ኃይል ነው፣ ኤሲ በናፍጣ ማዞር ከጀመሩ ግን ጭሱም ወጪውም የእርስዎ ነው። ደግሞ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ውጪው አብዛኛውን ቀን ከ25 ዲግሪ አያልፍም። ተከራዮችዎን የሚያቃጥላቸው በመስታወቱ የሚገባው ፀሐይ ነው፣ በተለይ በምዕራብ በኩል። የውስጥ መጋረጃ ብዙም አያድንም፣ ሙቀቱ አንዴ ከገባ በኋላ ነው የሚይዘው። ጥላው ከመስታወቱ ውጪ ይሁን፣ የአሉሚኒየም መከለያም ይሁን ሸራ። መስኮቶቹ የማይከፈቱ ከሆነ የተወሰኑትን አስቀይረው የሚከፈቱ ያድርጓቸው፣ ማታ ቀዝቃዛው አየር ገብቶ ኮንክሪቱን ያብርደው። ሐራሬ ውስጥ አርክቴክት ሚክ ፒርስ የነደፈው ኢስትጌት የሚባል ትልቅ የቢሮና የሱቅ ህንጻ በ1996 ተከፍቶ ያለ ተለመደው ኤሲ ነው የሚሠራው፣ የሌሊቱን ብርድ በማራገቢያ ኮንክሪቱ ውስጥ እያስገባ።

መጀመሪያ የአንዱን ፎቅ የምዕራብ መስታወት ብቻ ከውጪ ይከልሉና ቴርሞሜትር ሰቅለው ከሌላው ፎቅ ጋር ያወዳድሩ፣ መጋቢት ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ፀሐዩ የሚከርበት ወር ስለሆነ። ልዩነቱን ተከራዮችዎ ራሳቸው ያዩታል፣ ኤሲ የሚያስፈልገው ክፍል ከተረፈም ያኔ ለሱ ብቻ ይገዛሉ።