ቻይናን በደመወዝ ብቻ ለምትለኩ ወገኖች

በውጭ አገር ላባችሁን አፍስሳችሁ ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ አገር ቤት በፋብሪካ ላይ ለማዋል የምታስቡ ወገኖቼ፣ እቅዳችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከአንድ ስሌት ነው፦ ቻይና የበለጸገችው በርካሽ ጉልበት ለውጭ ገበያ እያመረተች ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጉልበት ከቻይናው በብዙ ይረክሳል፤ እንግዲህ ተራው የእኛ ነው። በደቡብ ቻይናዋ ጓንዡ ከተማ በዕቃ ግዢና ጭነት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየሁ እንደመሆኔ፣ ይህንን ስሌት ከዋሽንግተንም ከዱባይም ከፍራንክፈርትም ከሚመጡ ወገኖች ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም፤ ነገር ግን ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል፤ በእርሱ ተማምኖ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰውም ጉድለቱን የሚያየው ሕንጻው ቆሞ ማሽኑ ከተተከለ በኋላ ነው።

አጀማመሩ በእርግጥ እንዲያ ነበር። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስና፣ የቻይናው መሪ ዴንግ ሺያዎፒንግ በ1978 መገባደጃ የኢኮኖሚ ማሻሻያውን ካስጀመሩ በኋላ፣ በ1980 ሼንዘን፣ ዡሃይ፣ ሻንቱና ሺያመን ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ተብለው ለውጭ ባለሀብት ተከፈቱ፤ ከገጠር የጎረፈው ወጣትም በፋብሪካ ግቢ እያደረ በአነስተኛ ክፍያ ይሠራ ጀመር። ደመወዙን ዝቅ አድርጎ ያቆየው የሰው ብዛት ብቻ አልነበረም። ሁኮው የሚባለው የነዋሪነት መዝገብ ገበሬውን ከትውልድ ስፍራው ጋር አስሮ ስለሚያቆየው፣ ከተማ ገብቶ የሚሠራው ሰው ልጁን በከተማው ትምህርት ቤት ለማስገባትም ሆነ ከተሜው የሚያገኘውን የሕክምናና የጡረታ መብት ለማግኘት ይቸገር ነበር፤ ሦስት መቶ ሚሊዮን የሚጠጋው ከገጠር የፈለሰ ሠራተኛ ዛሬም ከዚህ ችግር ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ቻይና በዲሴምበር 2001 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ከሆነች በኋላ የውጭ ሽያጯ በፍጥነት አደገ፤ በ2006 ከጥቅል የአገር ውስጥ ምርቷ አንድ ሦስተኛውን አለፈ፤ በ2009 ደግሞ ጀርመንን ቀድማ የዓለም ቀዳሚዋ ዕቃ ላኪ ሆነች።

ዛሬ ግን ደመወዙ ያኔ የነበረው አይደለም። ለሥራ የደረሰው ሕዝብ ቁጥር ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ እየቀነሰ መጥቷል፤ ወጣቱም እንደ ወላጆቹ ቀኑን ሙሉ መገጣጠሚያ መስመር ላይ ቆሞ መዋል አይሻም። በመንግሥት አኃዝ መሠረት በ2023 በከተሞች በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው አማካይ ዓመታዊ ደመወዝ 68,340 ዩዋን ነበር፤ ይህም በወር ስምንት መቶ ዶላር ገደማ ይሆናል። በአንጻሩ በ2019 በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ያህል ነበር። ሁሉን የሚወስነው ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ጓንዡ ባለችበት በጓንግዶንግ ክፍለ አገር ያሉ ፋብሪካዎች ማሽናቸውን ነቅለው ሐዋሳ በገቡ ነበር። ጥቂቶች መጥተዋል፤ የጫማ አምራቹ ሁዋጂያን በ2012 ዱከም ላይ ሥራ ጀምሯል። ቻይና ግን ደመወዙ ይህን ያህል ከፍ ካለ በኋላም በ2024 ወደ ውጭ ከሸጠችው ዕቃ የገዛችው ተቀንሶ 992 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተርፏታል።

ምክንያቱን ለማየት ከፋብሪካው በር ወጥቶ አካባቢውን መመልከት ያስፈልጋል። በዦንግሻን ከተማ ሥር ያለችው ጉዠን የምትኖረው በመብራት ዕቃ ነው፤ በዠጂያንግ ክፍለ አገር ያለችው ዳታንግ በካልሲ ትታወቃለች፤ የዪዉ የንግድ ከተማ ወደ 75,000 የሚጠጉ ሱቆች አሉት፤ በሼንዘን ህዋቺያንግቤይ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ እንደ በርበሬ በቁና ይሸጣል ማለት ይቻላል። አንድ ልብስ ሰፊ ዚፕ ቢጎድለው ጠዋት ደውሎ ከሰዓት በኋላ ይቀበላል፤ ማሽኑ ቢሰበር ጠጋኙም መለዋወጫውም በቅርብ ናቸው። አገር ቤት የሚሰፋ ሸሚዝ ግን ጨርቁ፣ ክሩ፣ ቁልፉና አንዳንዴም ካርቶኑ ሳይቀር ከእስያ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ ከዚያም በባቡር ወይም በከባድ መኪና ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መግባት አለበት፤ ተሰፍቶ ሲያልቅም በዚያው መንገድ ይመለሳል። በዚህ ላይ ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለውጭው ሻጭ የክፍያ ዋስትና የሚሰጥበትን ሰነድ፣ ለማስከፈት የሚጠበቀውን ጊዜ ጨምሩበት። ስለዚህ የንግድ እቅዳችሁን ስትጽፉ ከደመወዙ በፊት የእያንዳንዱን ግብዓት መነሻ፣ የሚፈጅበትን ቀንና የሚገዛበትን ገንዘብ አስፍሩ፤ በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ከግማሽ የሚበልጠው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የደመወዙ ቅናሽ አያድናችሁም።

ደመወዙም ቢሆን በወረቀት ላይ እንዳለው ርካሽ አይደለም። ከሲዳማ ገጠር ሐዋሳ የገባች ልጅ በዚያ መነሻ ደመወዝ የቤት ኪራይና ምግብ መቻል ስላቃታት፣ ሥራውን በቅጡ ሳትለምድ ትታው ትሄድ ነበር፤ ለሥልጠናዋ የወጣው ገንዘብም አብሮ ይቀራል። የቻይናው ገበሬ በዝቅተኛ ክፍያ ሊቆይ የቻለው ፋብሪካው መኝታና ምግብ ስላቀረበለት ጭምር ነው። በጁላይ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደመወዙ በዶላር ሲሰላ ይበልጥ ረክሷል፤ ሠራተኛው ግን የሚበላው በብር ገዝቶ ነው፤ የጤፍ ዋጋም ሆነ የቤት ኪራይ ዶላሩን ተከትሎ ይወጣል። በእኔ እምነት ማደሪያና ምሳ ያልተካተተበት የፋብሪካ በጀት ገና አላለቀም።

ሌላም የማይነሣ ጉዳይ አለ። የቻይና ቤተሰብ ለፍጆታ የሚያወጣው ከአገሪቱ ጥቅል ምርት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በአሜሪካ ይኸው ድርሻ ሁለት ሦስተኛን ያልፋል። ሕዝቡ የሚከፈለው ከሚያመርተው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ በመሆኑና ለሕክምናና ለእርጅና ብሎ ስለሚቆጥብ፣ የተረፈው ዕቃ የውጭ ገዢ ይፈልጋል፤ በ2021 የቤት ግንባታው ገበያ መዳከም ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የብረትና የመሳሰሉት አምራቾች ይበልጥ ወደ ውጭ ዞረዋል። ይህ ማለት እናንተ በአዲስ አበባ ነጠላ ጫማ ወይም አምፖል ብታመርቱ፣ መርካቶ ላይ የሚገጥማችሁ ባለቤቱ በትንሽ ትርፍ፣ አንዳንዴም ያለ ትርፍ የሚሸጠው ትርፍራፊ ምርት ነው። ከዚያ ጋር በዋጋ አትጋጠሙ፤ ግብዓቱ ከአገር ውስጥ የሚገኝና ከሩቅ ለማጓጓዝ የማይመች ነገር ምረጡ።

ለአስመጪው ይህ ሁኔታ የመደራደር አቅም ይሰጠዋል። ሆኖም ፋብሪካው የጥራቱን ደረጃ የሚያወርደው እናንተ በጠየቃችሁት ዋጋ ልክ መሆኑን አትርሱ፤ ሠላሳ በመቶ ቀብድ መክፈል የተለመደ ነው፤ ቀሪውን ግን ዕቃው ኮንቴነር ሳይገባ በሌላ ሰው ሳታስመረምሩ አትላኩ። ከቻይና አዲስ ዓመት በፊት የተጣደፈ ትእዛዝም አትስጡ፤ ሠራተኛው ለሳምንታት ወደ ገጠር ይሄዳል፤ ሲመለስም ወደዚያው ፋብሪካ ላይመለስ ይችላል።

በአሜሪካ ያላችሁ አንዳንዶች የቻይናን ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ አስገብቶ፣ መለያ ቀይሮ ወደ አሜሪካ የመላክ ሐሳብ ታነሣላችሁ። ይህ የጉምሩክ ማጭበርበር ነው፤ መለያው ቢቀየር የዕቃው አገር አይቀየርም። ኢትዮጵያ ደግሞ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ከአጎዋ በጃንዋሪ 2022 ታግዳለች።

ከዚህ ይልቅ ወደ ቻይና መሸጥን እንድታስቡ እመክራለሁ፤ በእኔ ግምት ዲያስፖራው ቸል ያለው ትልቁ ዕድል ይህ ነው። ቻይና ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ካላቸው በኢኮኖሚ እጅግ ኋላ ከቀሩ አገሮች ለሚገባ ምርት በሙሉ ቀረጥ አንስታለች፤ ኢትዮጵያም በዚህ ውስጥ ናት። ሰሊጣችን ከድሮም የቻይና ገዢ አለው፤ ሻንጋይ ላይ ደግሞ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ቡና ቤቶች አሉ፤ ወጣቱም ይርጋጨፌና ጉጂን በስም ጠርቶ ያዝዛል። መጀመሪያ በጥሬ ቡና ገዢውን ልመዱ፤ የተቆላው ይደርሳል። የንግድ ስማችሁን ግን ናሙና ከመላካችሁ በፊት በላቲንም በቻይንኛም ፊደል አስመዝግቡ፤ በዚያ አገር ሕግ የንግድ ምልክት በመርሕ ደረጃ ቀድሞ ላስመዘገበው እንጂ ቀድሞ ለተጠቀመበት አይሰጥምና፣ ስማችሁን ሌላ ሰው ቀድሞ ካስመዘገበው ለማስመለስ የምታወጡት ወጪ ከመጀመሪያው ኮንቴነር ትርፍ ሊበልጥ ይችላል።