የተረፈውን ገንዘብ እንከፋፈለው ወይ?

ጥያቄ፦ የሰፈራችን የመረብ ኳስ ክለብ ለትርፍ ያልተቋቋመ ነው፣ ግን ዘንድሮ ከመዋጮው ገንዘብ ተረፈንና አባላቱ እንካፈለው እያሉ ነው፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ኧረ እንዳትካፈሉት! ለትርፍ ያልተቋቋመ ማለት ገንዘብ አይተርፈውም ማለት ሳይሆን የተረፈው አባላት ኪስ አይገባም ማለት ነው፣ ተመልሶ ለክለቡ ስራ ነው የሚውለው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ከፍ ዝቅ የሚል የመረብ ምሰሶ ነው የምገዛው፣ የወንዶቹ መረብ 2.43 ሜትር የሴቶቹ ደግሞ 2.24 ስለሆነ አንዱ ሜዳ ለሁለቱም ይበቃል፣ ሴቶቹ በወንዶች መረብ ሲለማመዱ ሳይ በጣም ነው የማዝነው። ለአሰልጣኙ ተመጣጣኝ ክፍያ መክፈልም ይቻላል፣ የስራው ዋጋ ነው። የቀረውን ባንክ አስቀምጡት፣ ወጪ ሲሆን የሁለት ሰው ፊርማ ይኑርበት፣ ደረሰኙም ይያዝ፣ የኳስ መንፊያ መርፌ እንኳን ብትገዙ።