«ሰርቨሩ ከቤት ቢወጣ እንቅልፌን አገኝ ይሆን?»

ጥያቄ፦ ሦስት ሆነን ለትንንሽ ድርጅቶች የሂሳብ መያዣ ሶፍትዌር እንሠራለን። ደንበኞቻችን የሚጠቀሙበት ሰርቨር፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ ያለው እኔ ቤት፣ ሳሎን ጥግ ላይ ነው። ሌሊት ሲቆም የምነሳው እኔ ነኝ። ባለቤቴን መርሯታል። የአራት ዓመቱ ልጄ «የአባዬ ማሽን» እያለ ይቀናበታል። ወደ ክላውድ ብንዛወር፣ ማለትም የሌላ ድርጅት ማሽን በኢንተርኔት ብንከራይ፣ እፎይ እላለሁ? ወጪውስ አያከስረንም? እርስዎ በዚህ መንገድ ስላለፉ ይንገሩኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዕድሜ ታናሼ ስለሆንክ አንተ ልበልህ።

አዎ፣ ተዛወሩ። ዲስክ ሲበላሽ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ፋን ሲቆም መነሳት ይቀርልሃል። ይህ የአከራዩ ጣጣ ይሆናል። የራሳችሁ ፕሮግራም ስህተት፣ የላላ የይለፍ ቃል፣ ያልተወሰደ ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ግን አብረውህ ይሄዳሉ። አከራዮቹም በግልጽ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ሕንፃውና ማሽኑ የእነሱ፣ ላዩ ላይ የምትጭነው ያንተ።

እኔ ሥራ የጀመርኩት አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ሰርቨር ማከራየት ሳይጀምር ነው። ያኔ ማሽን የሚገዛው ለጭንቁ ቀን እየተገመተ ነበር። እንዳንተው የሂሳብ ሥራ ነበረንና ወር ሲያልቅ ሁሉም ባንዴ ይገባል፣ ማሽኑ ያቃስታል። የቀረውን ሃያ ምናምን ቀን ሥራ ፈትቶ ይሞቃል። ክላውድ ለእናንተ የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው፤ ለወር መጨረሻ አቅም ትጨምራለህ፣ ሲያልፍ ትቀንሳለህ።

መቀነሱን ግን ሰው ይረሳል። አንድ አርብ ማታ ለሙከራ ትልቅ ማሽን ከፍተን፣ ሳንዘጋው ወደየቤታችን ሄድን። ያወቅነው ወሩ አልቆ ሂሳቡ ሲመጣ ነው። የአንድ ሠራተኛ ደሞዝ ያህል ነበር። ማንም አልተጠቀመበትም፣ ቆጣሪው ግን ይቆጥራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የወጪ ማንቂያ አስገባ። ማንቂያው አብዛኛውን ጊዜ ይነግርሃል እንጂ ማሽኑን አያጠፋልህም፤ መልእክቱ ለሦስታችሁም ይድረስ። ዳታ ማስገባት በብዙዎቹ ዘንድ ነፃ ነው፣ ማስወጣት ያስከፍላል። ሳትገባ የመውጫውን ዋጋ ጠይቅ። የአንድ ወይም የሦስት ዓመት ውል ለሚገባ ቅናሽ አለ፤ ጥቂት ወር ፍጆታህን ሳታይ እንዳትፈርም።

አሁን ወደ እንቅልፍህ።

ልጄ አምስት ዓመቷ ሳለ፣ ማታ ተረት እያነበብኩላት ስልኬ ጮኸ። ቀና ብላ አየችኝ። መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ዘጋችው፣ ትራሷ ሥር ከተተችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሂጂ እማዬ፣ ማሽኑ ጠርቶሻል» አለችኝ። አላለቀሰችም። ሄጄ ሳየው «ዲስኩ 70 በመቶ ሞልቷል» ይላል። እስከ ጠዋት ቢቆይ ማንም ምንም አይሆንም ነበር። ያኔ ማሽኖቻችን በሙሉ ክላውድ ላይ ነበሩ።

በማግስቱ ከባልደረቦቼ ጋር ተቀምጠን ስልካችንን የሚያስጮኹትን የማሽን ማንቂያዎች አንድ በአንድ ዘረዘርናቸው። ለእያንዳንዱ «እስከ ጠዋት ቢያድር ማን ይጎዳል?» ብለን ጠየቅን። ከአርባ በላይ ነበሩ። ሌሊት እንዲቀሰቅሱን የተውናቸው ሦስት ብቻ ናቸው። ለእነሱም ተራ አወጣን።

አንተም ይህን ሥራ። ለደንበኛ የሚሰጠው «99.9 በመቶ ጊዜ አይቋረጥም» የሚለው ተስፋ በ30 ቀን ወር ውስጥ 43 ደቂቃ ያህል መቋረጥን ይፈቅዳል። 99.99 ካልክ ወደ 4 ደቂቃ ይወርዳል፤ ያንን ለመጠበቅ ግን ትርፍ ማሽንና የማይተኛ ሰው ያስፈልጋል። የአንተ ደንበኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሂሳብ አይዘጋም። ቃል የምትገቡለት የሥራ ሰዓቱን ይሁን።

ለባለቤትህ «ከተዛወርን በኋላ ይሻላል» አትበላት፤ እኔም ለባለቤቴ ብዬው ነበር። ይልቅ የተራውን ሰሌዳ ስጣት። ተራህ ባልሆነበት ሌሊት ስልክህ ሌላ ክፍል ይደር።

የሳሎኑን ማሽን ቶሎ አታጥፋው። መጀመሪያ ባክአፑን ክላውዱ ላይ መልሰህ ጫንና በትክክል እንደሚከፈት እይ። ከዚያ አንድ የወር መጨረሻ በሁለቱም ላይ አሂድ። ቁጥሮቹ ከተገጣጠሙ ልጅህን ጥራው፤ ማጥፊያውን እሱ ይጫነው።