ከዊንዶውስ 10 ወደ 11፦ የስክሪን ሪደር ተጠቃሚዎች ጥያቄና መልስ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ «ልቀይር ወይስ ልቆይ?» የሚለው ጥያቄ ከወዳጆቼ አልቋረጥ ብሏል። እኔም ዓይነ ስውር ነኝ፤ ስሠራ የምውለው ኤንቪዲኤ በሚባል ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚህ አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ (መምህር፣ አዳማ)፦ ዊንዶውስ 10 እስካሁን አንድም ችግር አልፈጠረብኝም። ለምን ራሴን አስቸግራለሁ?

ነገ ጠዋት አይዘጋብዎትም፣ አይስጉ። የቆመው የደህንነት ማሻሻያው ነው። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንልዎት የለም። በኮምፒውተሩ ባንክ የሚገቡ ወይም የተማሪ ውጤት የሚይዙ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መቸኮል ካልፈለጉ ግን ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አዘጋጅቷል፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይዘልቃል። በ30 ዶላር ይገዛል፤ ሴቲንግስዎን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ካመሳሰሉ ደግሞ በነጻ ይገኛል። መመዝገቢያውን ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ በታብ እየሄዱ ይፈልጉት።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ጎንደር)፦ ላፕቶፔን ያየው ልጅ «ይሄ አሮጌ ነው፣ 11 አይጭንም» አለኝ። ራሴ ማረጋገጥ እችላለሁ?

ትችላለህ፣ የማንንም ዓይን አትጠብቅ። ፒሲ ኸልዝ ቼክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም አውርድና አስነሳው፤ ውጤቱን ስክሪን ሪደሩ ያነብልሃል። ዋና ዋናዎቹ መስፈርቶች 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክ፣ ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚጠብቅ መከላከያ) እና ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) ናቸው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይፈለጋል።

ብዙ ሰው የሚታለለው ቲፒኤም ላይ ነው። ቺፑ ውስጡ እያለ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የኮምፒውተሩ ሴቲንግስ) ላይ ስለተዘጋ ብቻ «የለም» ይባላል። ባዮስ ደግሞ ለኛ የተዘጋ ቤት ነው፤ ኤንቪዲኤም፣ ጆስ የሚባለው የሚገዛው ስክሪን ሪደርም እዚያ አይገቡም። ለዚህች አንዲት ነገር ዓይናማ ሰው ያስፈልግሃል። ምን እንደሚፈልግ ግን አንተ ንገረው፦ ኢንቴል ላይ ስሙ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም ነው። ክፈትና ሴቭ አድርገህ ውጣ በለው። ሌላ ምንም እንዳይነካ።

ጥያቄ (የቢሮ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ)፦ የምፈራው አንድ ነገር ነው። መሀል ላይ ድምፅ ቢጠፋስ? ምን ላይ እንደደረሰ በምን አውቃለሁ?

ይጠፋል እንጂ! ቢጠፋስ አይባልም። ስለዚህ ዝግጅቱ ሁሉ ለዚያ ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ላይ፣ ፋይሉ ሲወርድና ሲዘጋጅ፣ ስክሪን ሪደርሽ እንደወትሮው ያወራል፤ ፐርሰንቱንም ይነግርሻል። ከዚያ ሪስታርት ያደርጋል፤ ዝምታው የሚጀምረው ያኔ ነው። ስክሪኑ ላይ ፐርሰንት እየቆጠረ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ ይነሳል። ኤስኤስዲ ካለው ከአንድ ሰዓት በታች ሊጨርስ ይችላል። የድሮው ተሽከርካሪ ዲስክ ከሆነ ግን ግማሽ ቀንም ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሀል ማጥፊያውን መጫን የለም! «ሞተ መሰለኝ» ብለው መሀል ላይ አጥፍተው ዊንዶውሱን ያበላሹ ብዙ ናቸው። መታገሥ ካልቻልሽ የስልክሽን ካሜራ ስክሪኑ ላይ አነጣጥሪ፤ አንድሮይድ ላይ ሉክአውት፣ አይፎን ላይ ሲይንግ ኤአይ ፐርሰንቱን ያነቡልሻል።

ከመጀመርሽ በፊት የምታደርጊው ይህ ነው። ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ጂ ብለሽ የኤንቪዲኤን ጄኔራል ሴቲንግስ ክፈቺ። የይለፍ ቃል በምታስገቢበት ገጽ ላይ እንዲነሳ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት አድርጊበት። እንዲህ ከሆነ ሥራው ሲያልቅ ራሱ ያወራሻል። ካላወራ ዊንዶውስን፣ ኮንትሮልንና ኢንተርን አንድ ላይ ተጫኚ፤ ናሬተር፣ የዊንዶውስ የራሱ ስክሪን ሪደር፣ ይነሳል። ሁለቱ እኩል ሲንጫጩ ናሬተርን በዚያው ቁልፍ ዝጊው።

ናሬተርም ዝም ካለ ጥፋቱ የድምፅ ድራይቨር (የድምፅ ክፍሉን የሚያሠራው ፕሮግራም) ሊሆን ይችላል። ለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ ኢርፎን አዘጋጂ፤ አብዛኛው ተጨማሪ ድራይቨር ሳይፈልግ ይሠራል። ብሉቱዙን ለዚያ ቀን እርሺው። የኤንቪዲኤ ፖርተብል ኮፒም (ሳይጫን የሚነሳ ቅጂ) ፍላሽ ላይ ይኑርሽ፤ ከኤንቪዲኤ ሜኑ፣ ቱልስ ውስጥ ይዘጋጃል።

ሌላው ቢትሎከር፣ ዲስክ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ ነው። ዲስክሽ የተቆለፈ ከሆነ አልፎ አልፎ ሪስታርት ላይ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። እዚያ ገጽ ላይ ኤንቪዲኤ አይደርስልሽም። ቁልፉን አስቀድመሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪው። መብራት እንደሚጠፋም አትርሺ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አልመክርሽም።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ቤት ወስጄ ባስጭነውስ?

ይቻላል። ግን እዚያ የሚቀናቸው ፎርማት ነው። ፎርማት ማለት ኤንቪዲኤህም፣ ድምፅህም፣ ፋይልህም ተጠርጎ መሄድ ነው። «ፋይሌም ፕሮግራሜም ሳይነካ አፕግሬድ አድርጉልኝ» በል፤ ቃል በቃል እንዲህ። ሲመልሱልህ ኢርፎንህን ሰክተህ እዚያው ሳለህ ናሬተርን አስነሳ። ድምፅ ሳትሰማ ብር አትክፈል።

ጥያቄ (ጠበቃ፣ ባህር ዳር)፦ የምጠቀመው ጆስ ነው። አብሮኝ ይሻገራል?

የገዙት አዲስ ቨርዥን ከሆነ በአብዛኛው ይሻገራል። ከለውጡ በኋላ በ40 ደቂቃ እየተዘጋ ሪስታርት ካስደረገዎት ፈቃዱን አላወቀውም ማለት ነው፤ እንደገና አክቲቬት ያድርጉት።

በፍላሽ ከሰው የተገኘ አሮጌ ጆስ፣ ያ 15 ወይም 18 የሚባለው፣ ከሆነ ግን በግልጽ ልንገርዎት፦ እሱን ተማምነው ዊንዶውስ 11 ውስጥ አይግቡ። የተሠራው ዊንዶውስ 11 ገና ሳይታሰብ ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚከፍተው ክራክም ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ኤንቪዲኤ ነጻ ነው፣ በየጊዜውም ይታደሳል። አሁን፣ ገና ዊንዶውስ 10 ላይ ሳሉ፣ ይጫኑትና ይልመዱት። ኢንሰርት ያው ኢንሰርት ነው፤ ድረ ገጽ ላይ ኤች ርዕስ፣ ቲ ሠንጠረዥ ነው። የሚያደናግርዎት የጆስ ከርሰር አለመኖሩ ነው፤ በምትኩ ያለውን ለመልመድ ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ቀን መጀመር ግን ራስን መቅጣት ነው።

ጥያቄ (ዳላስ)፦ ወንድሜ ሐዋሳ ነው ያለው፣ ዓይነ ስውር ነው። እኔ ከዚህ ሆኜ ላድርግለት?

ኤንቪዲኤ ከ2025.1 ጀምሮ ሪሞት አክሰስ (ከርቀት መገናኛ) አብሮት መጥቷል። አንቺም ኤንቪዲኤ ጭነሽ ብትገናኙ የሱን ኮምፒውተር ድምፅ እዚያው ትሰሚያለሽ። ስክሪኑን ማየት ከፈለግሽ ኩዊክ አሲስት አለ። ግን ሁለቱም ሪስታርት ላይ ይቋረጣሉ። ያቺን የዝምታ ሰዓት በቪዲዮ ጥሪ እለፏት፤ ስልኩን ስክሪኑ ፊት ያቁመው፣ አንቺ አንብቢለት። ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ቀድመሽ ጥቅል ግዢለት። የተሻለው ስጦታ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አማርኛ ማንበቡና መጻፉስ?

አይጠፋም። ኤንቪዲኤ ውስጥ ያለው ኢስፒክ የሚባል ድምፅ አማርኛ ያነባል፤ ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ቪ ብላችሁ ድምፁን ትመርጣላችሁ። አነባበቡ ብረት ብረት ይላል፣ አልክድም። ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ኤጅ ብሮውዘር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩ ተጫኑ። መቅደስና አምሀ የሚባሉት የአማርኛ ድምፆች እዚያ አሉ፤ ሰው ሰው ይሸታሉ። ኢንተርኔት ግን ይፈልጋሉ። ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ግን ዊንዶውስ 11 ላይም ያው ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ነው የሚነበበው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከለውጡ በኋላ «የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው» ካላችሁ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስና ስፔስ ተጫኑ።

ጥያቄ፦ ከገባሁ በኋላ ምን ግራ ያጋባኛል?

ከሚወራው ያነሰ። ዓይናማዎቹ «ስታርት መሀል ገባብን» ብለው አለቀሱ፤ እኛ የዊንዶውስ ቁልፍ ተጭነን የፕሮግራሙን ስም ስለምንጽፍ መሀል ይሁን ዳር ምን ገዶን! የሚያናድደው ፋይል ላይ የሚከፈተው የቀኝ ክሊክ ሜኑ ነው፤ አሳጥረውታል። ሺፍትና ኤፍ 10 ስትሉ የድሮው ሙሉ ሜኑ ይመጣል። ዋይፋይና ድምፅ በዊንዶውስና ኤ፣ ማሳወቂያ በዊንዶውስና ኤን ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ መስፈርቱን ካላሟላስ?

በጓሮ በር የሚያስገቡ ዘዴዎች አሉ፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር ማሻሻያ እንደሚደርስ ዋስትና አይሰጥም። እኔ ማራዘሚያውን ወስጄ ለሌላ ያገለገለ ላፕቶፕ ብር ባጠራቅም እመርጣለሁ። የሚደፍር ሰው በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ኡቡንቱ ሊኑክስን ይሞክር፤ ኦርካ የሚባል ነጻ ስክሪን ሪደር አብሮት አለ፤ በኦልት፣ ዊንዶውስና ኤስ ይነሳል። ከፍላሽ ላይ፣ ሳትጭኑት፣ አስነስታችሁ መስማት ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ካልወደድኩትስ? መመለስ ይቻላል?

በ10 ቀን ውስጥ ይቻላል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ ከዚያ ጎ ባክ። ሲመለስም ያው ዝምታ አለ፣ ተዘጋጁ። ዲስክ ጠበበኝ ብላችሁ የድሮውን የዊንዶውስ ፎልደር ካጠፋችሁት ግን መመለሻው አብሮ ይጠፋል። 10 ቀኑ ካለፈ የቀረው ፎርማት ነው።