ኡኡ ሲባል ማን ይደርሳል? ለሚኒ ሚዲያ ልጆች የተጻፈ ደብዳቤ

ልጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ በፍላሽ ያመጣችሁልኝን የአስፈሪ ፊልም ትሬይለር ሦስት ጊዜ አየሁት። አንዴ እንዳለ፣ አንዴ ድምፁን አጥፍቼ፣ አንዴ ደግሞ ላፕቶፑን ወደ ግድግዳ አዙሬ በጆሮዬ ብቻ። ሦስተኛው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። አትቀየሙኝ፤ ሠላሳ ዓመት ድምፅ ሲቀርፅ የኖረ ሰው ዓይኑ ቢያዝንላችሁ ጆሮው አያዝንም።

ያየሁት ይህን ነው፦ ፀጉሯ ፊቷን የሸፈነ ነጭ ለባሽ ልጅ፣ መብረቅ፣ ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ሴት ጩኸት፣ በጎርናና ድምፅ የሚነበብ እንግሊዝኛ፣ በየሁለት ሰከንዱ ድም የሚል ከበሮ። "ጋሼ፣ ያስፈራል?" ብላችሁ ስትጠይቁኝ "ሻይ ጠጡ" ብዬ ወሬ ያስቀየርኩት ለዚህ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ብለው ደብረ ብርሃን ባሏት ከተማ ተቀምጦ ጨለማ መቅረፅ በራሱ ደስ የሚል ድፍረት ነው። ነገሩም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አያቶቻችን አዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት "ሰይጣን ቤት" ነበር ያሉት። የእናንተ ጉድለት ሌላ ነው። ፍርሃቱ የውሰት ነው።

ከጩኸቱ ልጀምር። በውጭ ፊልም አንዲት ሴት ጨለማ ቤት ውስጥ ስትጮህ ተመልካቹ የሚሰማው ፍርሃቷን ነው። እኛ ዘንድ ኡኡታ ጥሪ ነው። መንዝም ሂዱ ተጉለት፣ ቡልጋም ሂዱ ይፋት፣ ሌሊት ኡኡ ከተባለ ዱላውን ይዞ የማይወጣ ጎረቤት የለም፤ ሳይወጣ የቀረም ጠዋት ይታማል። ይህን እናንተው አይታችሁታል። ባሕር ዛፉ ውስጥ ስትቀርፁ፣ ተዋናይዋ ስትጮህ፣ ሰፈሩ ዱላና ባትሪ ይዞ እንደወጣ፣ ቀድሞ የሮጠውም ካሜራማኑ እንደነበር እየሳቃችሁ ነገራችሁኝ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ስተኛ ግን ፊልሙ እዚያ እንደነበረና ጥላችሁት እንደመጣችሁ ገባኝ። ኡኡ ስትል አገር ከተነሳላት ምን ያስፈራል? ኡኡ ብላ፣ ማዶ ካለው ቤት የሚታየው የኩራዝ ብርሃን እፍ ተብሎ ሲጠፋ ነው ሰው በመቀመጫው የሚጨማደደው። ጎረቤት ሰምቷል፤ ሰምቶም አልመጣም። ለምን? ይቺን "ለምን" ካስያዛችሁት ተመልካቹ ዋናውን ፊልም ፈልጎ ይመጣል፤ የትሬይለር ሥራ ይኸው ነው።

ሁለተኛውን ነገር፣ ቡም (የማይክ ዘንግ) ይዛ የነበረችው ዝምተኛ ልጅ በር ላይ ቆማ ነገረችኝ። አያቷ "ሌሊት ስምሽ ቢጠራ፣ ሦስቴ ካልተጠራሽ አቤት አትበዪ" ይሏታል። አንዴና ሁለቴ ብቻ የሚጠራው ሰው አይደለማ። እኔም በልጅነቴ ይህንኑ ሰምቼ፣ ባና ተከናንቤ፣ በጣቴ ስቆጥር ያደርኩበት ሌሊት አለ። "ታዲያ ይህን ለምን አልቀረፃችሁም?" ብላት "ጋሼ፣ የባላገር ወሬ ነው ይሉኛል" አለች። ማን እንዳላት አልጠየቅኳትም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ነፋሱን የሚገታው የለም። ቀረፃችሁ ላይ ከ12ኛው ሰከንድ ጀምሮ የሚሰማው "ቡፍ፣ ቡፍ" መንፈስ አይደለም፣ ማይክራፎኑን የሚመታ ነፋስ ነው። ማይኩ ላይ ያለው ስስ ስፖንጅ ለትንፋሽ እንጂ ለደጅ ነፋስ አይሆንም። ለደጅ ፀጉራም ሽፋን ነው የሚያስፈልገው፤ ነፋሱ ፀጉሩ መሃል ተበታትኖ ጉልበቱን ይጨርስና ድምፁ ያልፋል። የበግ አገር ልጅ ስለሆንኩ እኔም በጊዜዬ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ማይኩን ለምድ አለበስኩት። ነፋሱ ጠፋ፤ ሰውየው ግን ጋን ውስጥ ሆኖ የሚያወራ መሰለ። ቆዳው ራሱ ድምፅ ያፍናል። የሚበጀው ጀርባው ስስ ጨርቅ የሆነ ነገር ነው፤ የአሮጌ ጃኬት ኮፍያ ዙሪያ ያለውን ሰው ሠራሽ ፀጉር ፍቱና ልክ እንደ ካልሲ ሰፍታችሁ ስፖንጁ ላይ ደርቡት። ስፖንጁን እንዳታወጡት።

የካሜራው ስልክ አምስት ሜትር ርቆ የቀዳው ንግግር ንግግር አይደለም። ሌላ ስልክ በተዋናይዋ ነጠላ ሥር ደብቁ፣ ሁለቱም እየቀዱ አንዴ ጮክ አድርጋችሁ አጨብጭቡ፤ ኤዲት ስታደርጉ ጭብጨባውን ከጭብጨባው ታገናኙታላችሁ። ከዚያ ከየቦታው ሳትለቁ፣ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ፣ 30 ሰከንድ ዝምታ ቅዱ። ልጆች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ዝምታ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ የመንዝ ቤት ዝምታው ወፍራም ነው፤ የራስህን ደም የምትሰማ ይመስልሃል። ቆርቆሮ ቤት ደግሞ ማታ ብረቱ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ቋ... ቋ ይላል። ጣሪያው ላይ ሰው ያለ ይመስላል። ይህን ድምፅ ከየትኛው ድረ ገጽ ታወርዱታላችሁ?

የጅቡም እንዲሁ። ያስገባችሁት የተኩላ ድምፅ ነው፤ በእኛ ሰፈር ሌሊት የሚሰማው ጅብ ነው፣ አንድ የባላገር ልጅ ቢሰማው ይስቅባችኋል። የጅብ ድምፅ ከታች ተነስቶ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ጥያቄ የሚጠይቅ ይመስላል። ከዚህ የባሰውን ከፈለጋችሁ በጠዋት መንዝ ጓሳ ውጡ። ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይመጣሉ፤ በጉም ውስጥ ሳይታዩ ሲያጉረመርሙ ሰዎች ቁጭ ብለው ስለ እናንተ የሚያወሩ ይመስላችኋል። ያንን ቀድታችሁ ፍጥነቱን ትንሽ ቀንሱትና አዳምጡ፤ እኔ ብቻዬን ሆኜ ሁለተኛ አልሞከርኩትም።

ጉም ካልኩ፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና በክረምት ከቆላው በኩል እየተንከባለለ የሚወጣው ጉም የጢስ ማሽን ኪራይ ያድናችኋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ ግን ተዉት። የደሴ መንገድ ነው፣ ከባድ መኪና አይቋረጥበትም፤ ነጭ ለብሶ ጉም ውስጥ መንገድ ላይ መቆም ትወና አይደለም።

ስለ ምስሉ ብዙ አልልም፣ የእኔ ሙያም አይደለ። ዓይኔን ያሳመሙኝን ብቻ ልንገራችሁ። ስልክ ጨለማ ሲያይ ልርዳችሁ ብሎ ያበራዋል፤ ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ በነጠብጣብ የሚሞላው ለዚህ ነው። ስክሪኑን ጣታችሁን አቆይታችሁ ተጫኑና ትኩረቱን ቆልፉ፣ ከዚያ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ። ክፍል ውስጥ የቀረፃችሁት የሚርገበገበው መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሸተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉት፣ ይቆማል። የሌሊት ትዕይንት በእውነተኛ ሌሊት ለመቅረፅ አትታገሉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለችዋን ሰማያዊ ብርሃን ተጠቀሙ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ናት፣ ስለዚህ ልምምዱን በ11 ሰዓት ጨርሳችሁ ጠብቋት። ደሙም የሐምራዊ ቀለም ቅብ ይመስላል። የቀይ ሥር ውሃ ብቻውን እንዲህ ነው፤ ትንሽ የፈላ ቡና ጠብ አድርጉበት።

ኤዲቱን ለመሥራት የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው ይበቃችኋል፤ ላፕቶፑ ካቃተው በስልክ ካፕከት። ፕሮግራሙ ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው የምታዳምጡበት ነገር ነው። ያ ከበሮ በትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ስትሰሙት ሆድ ያንቀጠቅጥ ይሆናል፤ የክፍል ጓደኞቻችሁ ግን የሚያዩት በስልክ ነው፣ የስልክ ድምፅ ማውጫ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣውም። ለእነሱ ከበሮው የጠረጴዛ ኳኳታ ነው። ፍርሃታችሁን ስልክ በሚችለው ድምፅ ላይ ሥሩት፦ ሹክሹክታ፣ የበር ማጠፊያ፣ እንስራ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ትንፋሽ። ከዩቲዩብ የወሰዳችሁትን ሙዚቃም ዩቲዩብ ራሱ ለይቶ ያውቀዋል፣ እንዳትደነቁ።

አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ፤ ብዙ ጊዜ አልተናገርኩትም። ወጣት ሳለሁ ለአንድ የሬዲዮ ድራማ የልቅሶ ድምፅ ተፈለገ። ተዋንያኑ ሲያለቅሱ ውሸት ሆነብኝ፣ ስለዚህ አንድ ገጠር የእውነት ልቅሶ ላይ መቅጃዬን በጋቢ ሸፍኜ ገባሁ። ልጇ የሞተባት እናት ነበረች። አለቃዬ ሲሰማው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አመሰገነኝ። ከተላለፈ ከወራት በኋላ አንድ ሰውዬ መሥሪያ ቤታችን መጣ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። እናቱ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ሳለ የራሷን ለቅሶ ከትራንዚስተር እንደሰማች ነገረኝና "ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ ሲከፈት ከቤት ትወጣለች" ብሎኝ ሄደ። ይቅርታ ለማለት እንኳ ስሙን አልጠየቅኩትም ነበር።

ስለዚህ ከጠበል ቦታ የቀረፃችሁትን፣ 31ኛው ሰከንድ ላይ ያለችውን የምትንፈራገጥ ሴት አውጧት። ታማ ነው የሄደችው። ፊቷን በብዥታ ሸፍነነዋል እንዳትሉኝ፤ ድምፅዋን እህቷ ታውቀዋለች። 49ኛው ሰከንድ ላይ ያለውን ተኩስም አውጡት። አጣዬ በ2013 ስትቃጠል የሸሹ፣ በ2014 ሸዋ ሮቢት ላይ የሆነውን ያዩ ሰዎች ከተማችን ውስጥ ተጠልለዋል፤ ልጆቻቸው ምናልባት ከጎናችሁ ተቀምጠው ይማራሉ። እነሱን ለማስደንገጥ ትሬይለር አያስፈልግም። ማታ ስትቀርፁ ደግሞ አስቀድማችሁ ለቀበሌውና ለሰፈሩ ሰው ንገሩ። ባለፈው በዱላ ተረፋችሁ።

ይህን ደብዳቤ እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር። ትናንት ማታ ግን ዝምተኛዋ ልጅ በቴሌግራም አንድ ድምፅ ላከችልኝ፣ 11 ሰከንድ ናት። አያቷን አስፈቅዳ፣ እሳቸውን ከጓሮ አቁማ፣ እሷ ከውስጥ በሩን ዘግታ የቀዳችው ነው። መጀመሪያ ምንም የለም፣ የቆርቆሮው ቋታ ብቻ። ከዚያ ከሩቅ ስም ይጠራል። ቀስ ብሎ፣ ልክ እራት ቀረበ እንደሚባል ልጅ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ ይጠራል፣ አሁን ቀረብ ብሏል። ከዚያ ዝምታው ይቀጥልና ያልቃል። ሙዚቃ የለው፣ ጩኸት የለው።

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ነበር የከፈትኩት። ባለቤቴ ከጓዳ እጇን እየጠራረገች ወጣች።

"ማን ነው ደጅ የሚጣራው?" አለችኝ።

ልመልስላት ስል እጇን አንስታ ዝም አሰኘችኝና ወደ በሩ ጆሮዋን ሰጠች። ጠበቀች። ከዚያ "ሁለቴ ብቻ ነው የጠራው" አለችና መወርወሪያውን ዘጋችው።