«የሳንባ ደም ግፊት» ለሚያስጨንቃችሁ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ደሴ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ ሳንባ ደም ግፊት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እነሆ።

«እናቴ ክንዷ ላይ ስትለካ ደህና ናት። ታዲያ ሐኪሙ ያለው ግፊት የቱ ነው?»

ሌላ ነው። ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ሳንባ በሚሄደው የደም ሥር ውስጥ ያለው ነው። አማካዩ ከ20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲያልፍ በሽታው አለ ይባላል። የክንዱ መለኪያ አያየውም። በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ ይገመታል።

«አባቴ ሲልደናፊል ታዘዘለት። ልግዛ ማለት አፈረ።»

ይምጣ፣ ማንም አይስቅበትም! አዎ፣ ቪያግራ ውስጥ ያለው ነው። ግን መጀመሪያ የተሞከረው ለደረት ሕመም ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሳንባ ደም ግፊት ተፈቀደ። የሳንባን ደም ሥሮች ያላላል። ምላስ ሥር ከሚደረገው የደረት ሕመም መድኃኒት፣ ከናይትሮግሊሰሪን ጋር ግን በፍጹም! የሰውነት ግፊቱ ድንገት ያሽቆለቁላል።

«ልቤ ይሮጣል። ጎረቤታችን ፕሮፕራኖሎል ወስዳ ተሻላት። ከእሷ ልውሰድ?»

አይ እህቴ። ፕሮፕራኖሎል የልብን ምት የሚያዘገይ መድኃኒት ነው። ልብን የሚያስሮጥ ነርቭ አለ፣ ሲምፓቴቲክ ይባላል። የሚያረጋጋውም አለ፣ ቬገስ። የሳንባው ግፊት ሲከብድ ቀኙ ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም ያንሳል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እየመታ ያካክሳል። አስሯጩ ይበረታል፣ አረጋጊው ይደክማል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ሽቅብ የሚወጣ የጭነት መኪና አይተሻል? በአንደኛ ማርሽ ያጓራል። ጩኸቱ ረበሸኝ ብለሽ ነዳጅ ብትቀንሺበት ዳገቱ ላይ ይቆማል። ፕሮፕራኖሎልም እንዲሁ ሊያደርግሽ ይችላል።

ጎረቤትሽ ምናልባት የሚትራል ቫልቭ ጥበት ይኖርባታል፤ ከሳንባ የመጣው ደም የሚያልፍበት የግራ ልብ በር ነው፣ ሲጠብ ደሙ ወደ ሳንባ ይከማቻል። ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ በሽታ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው። የጠበበ ቫልቭ ደግሞ ምቱ ሲረጋ ደም ለማሳለፍ ጊዜ ያገኛል። የሁለታችሁም ወረቀት ላይ «የሳንባ ደም ግፊት» ሊጻፍ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን ለየቅል። ታዞልሽ እየወሰድሽ ከነበረም በራስሽ ድንገት አታቁሚ።

«ጫትስ?»

ያንኑ አስሯጭ ነርቭ ነው የሚቀሰቅሰው። ምርቃናው ላንተ፣ ዳገቱ ለልብህ። ተወው።

«ኮምቦልቻ ብንወርድ ይሻላታል?»

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከፍታ ላይ ኦክስጅን ያንሳል፣ የሳንባ ደም ሥሮችም ይጠባሉ። ትንሽ ሊቀላት ይችላል። ቤት ከመልቀቃችሁ በፊት ግን የግፊቱ መነሻ ይታወቅ። ሐረጎን መውረድ የጠበበ ቫልቭ አያሰፋም።