መልስ፦ ሞንዞን ወይስ ሃግለር?

በቦክስ መካከለኛ ክብደት አርጀንቲናዊው ሞንዞንና አሜሪካዊው ማርቪን ሃግለር ሁለቱም በጉልበታቸው ዘመን ቢገናኙ ማን ያሸንፋል ላልከው፦ በ15 ዙር ካርሎስ ሞንዞን በነጥብ ያሸንፋል።

ምክንያቱ ርቀት ነው። ሞንዞን ይረዝማል፤ በግራው ተጋጣሚውን ከሩቅ ያቆምና ቀኙን ቀጥ አድርጎ ይሰዳል። እንደ ፈረንጆቹ ከ1970 እስከ 1977 የዓለም ሻምፒዮንነት ቀበቶውን 14 ጊዜ ያስጠበቀው በዚሁ ነው። ሃግለር በ1983 ከእሱ ከሚያንሰው ሮቤርቶ ዱራን ጋር እንኳ 15 ዙር ሙሉ ሄዷል፤ መጠንቀቅ ሲያበዛ ይዘገያል። በ1985 ቶማስ ሄርንስን በሦስተኛው ዙር እንደጨረሰው ከመጀመሪያው ደወል ጀምሮ ከገባበት ግን ፍርዴን አጥብቄ አልይዝም፤ ያ ሃግለር ማንንም ያስጨንቃል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ሃግለርን በ1987 በሹገር ሬይ ሊዮናርድ በተሸነፈበት ግጥሚያ አትለካው። እኔ ለዓመታት በዚያ ግጥሚያ ስከራከር ቆይቼ በ1980 ለንደን ላይ አለን ሚንተርን ሲያሸንፍ ሳየው፣ ሌላ ቦክሰኛ ነው ያገኘሁት።